ፉርጎው የማን ነበር? ባለበርሜል ፉርጎና የወይን ጠጅ ንግድ በደቡብ ፈረንሳይ

የባቡር ታሪክ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሎኮሞቲቮች፣ ስለ ሐዲድ ዝርጋታና መስመሮቹን ስለያዙት ኩባንያዎች ይናገራል። የጭነት ፉርጎ ግን እንደ ተራ ዕቃ ተቆጥሮ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው ችላ ከተባሉት ፉርጎዎች አንዱን ነው፤ ይኸውም በፈረንሳይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ድረስ ወይን ጠጅ ሲያመላልስ የኖረው፣ በጀርባው አንድ ወይም ሁለት ግዙፍ የእንጨት በርሜል የተሸከመው ፉርጎ ነው። ፈረንሳዮች «ቫጎን ፉድር» ይሉታል፤ «ፉድር» በወይን ጠጅ ጓዳ ውስጥ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚኖር ትልቅ በርሜል መጠሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ባለበርሜል ፉርጎ» ተብሎ ይጠራል። (ከፈረንሳዮች ጋር በተሠራው የባቡር መስመራችን ምክንያት «ለገሃር» እና «ፉርጎ» የተባሉት ቃላት ራሳቸው ከዚያው ቋንቋ ወደ እኛ የገቡ በመሆናቸው፣ ስያሜው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።) ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለበርሜል ፉርጎ በተለምዶ የሚታወሰው የማጓጓዣን ወጪና ድካም የቀነሰ የቴክኒክ መሻሻል ተደርጎ ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። የወይን ጠጅ ንግድ ከጥንት ጀምሮ የሚያስጨንቀው ጥያቄ «ባዶውን ዕቃ ማን ይመልሰዋል? በማንስ ኪሳራ?» የሚል ነበር። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ፉርጎው ይህን ጥያቄ አልፈታውም፤ ከትንሹ በርሜል ላይ አንሥቶ ወደ ራሱ አዛወረው እንጂ የሚል ነው። በዚህም ዝውውር የማጓጓዣው ዕቃ ባለቤትነት ከወይን አብቃዩ እጅ ይበልጥ ራቀ፤ የገበያውም ቁልፍ ከዕቃው ጋር ሄደ።

ዕቃው

የፉርጎው አሠራር ቀላል ነው። ሁለት አክስል ባለው ሻሲ ላይ ከባሉጥ እንጨት ጠርቦች የተሠራና በብረት ቀለበቶች የታሰረ በርሜል ይቀመጣል፤ በጉዞ ጊዜ እንዳይንሸራተትም በድጋፎችና በብረት ዘንጎች ከሻሲው ጋር ይጠፈራል። ከላይ የመሙያ አፍ፣ ከታች የማውረጃ ቧንቧ አለው። በአንዳንዶቹ ጫፍ ላይ የፍሬን ሠራተኛ የሚቀመጥባት ጠባብ ጎጆ ትታያለች። የመያዝ አቅማቸው እንደየዘመኑና እንደየሠሪው ቢለያይም፣ በአንድ ፉርጎ ከ100 ሄክቶ ሊትር (ከ10,000 ሊትር) በላይ መጫን የተለመደ ነበር።

ይህ መጠን ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከትንሹ በርሜል ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። «ባሪክ» የሚባለው የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ ባዶውን ወደ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንግዲህ 100 ሄክቶ ሊትር ወይን ጠጅ ለመላክ 44 ያህል በርሜሎች ያስፈልጋሉ። የበርሜሎቹ ክብደት ብቻ ከሁለት ቶን ያልፋል፤ ከጭነቱ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ በርሜል ተንከባሎ መጫን፣ በሽብልቅ መደገፍ፣ ሲደርስ ተንከባሎ መውረድ አለበት። በትልቁ በርሜል ግን ሥራው የፓምፕና የጎማ ቱቦ ሥራ ሆነ።

ሁለተኛው ጥቅም ከጂኦሜትሪ የሚመነጭ ነው። ዕቃ በተለቀ ቁጥር ለያዘው ፈሳሽ ያለው የገጽ ስፋት ያንሳል። ያንኑ 100 ሄክቶ ሊትር በ44 ባሪኮች ፋንታ በሁለት ባለ5,000 ሊትር በርሜሎች ብንሞላው፣ ለአንድ ሊትር የሚደርሰው የእንጨት ገጽ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። በእንጨቱ ቀዳዳዎች የሚተነው ይቀንሳል፤ የሚገባውም አየር እንዲሁ። በመንገድ ላይ የሚደርሰውም ስርቆት ይቸግራል፤ ትንሽ በርሜል ላይ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ጠጥቶ፣ ቀዳዳውን በእንጨት ቡሽ መድፈን የሚቻለውን ያህል፣ በእርሳስ ማኅተም በታሸገ ቧንቧ ላይ ዱካ ሳይተዉ መድፈር አይቻልም።

ሆኖም ትልቁ በርሜል የራሱ ጠባይ ነበረው፤ ይህ ጠባዩ ለመከራከሪያችን ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሙሉ መሆን አለበት። ጎደሎ በርሜል ውስጥ ወይን ጠጁ ከአየር ጋር ስለሚገናኝ ወደ አቼቶ የመለወጥ አደጋ ይገጥመዋል። ከዚህም በላይ ባቡሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ፈሳሹ ከጫፍ ጫፍ እየተላተመ ጠርቦቹንና ማሰሪያዎቹን ይፈትናል። ስለዚህ ባለበርሜል ፉርጎ የጭነቱን መጠን አስቀድሞ ይወስናል፤ 70 ሄክቶ ሊትር ብቻ ያለው ሰው ወይ ከሌላ ሰው ወይን ጠጅ ጋር ይቀላቅላል፣ ወይም በፉርጎው አይልክም። ሁለት በርሜል ያላቸው ፉርጎዎች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ ቀይና ነጭን፣ ወይም የሁለት ደንበኞችን ጭነት ለይቶ ለመላክ ያስችላሉ። በሁለተኛ ደረጃ በርሜሉ ባዶውን መሰንበት አይወድም። በደቡቡ ፀሐይ የደረቀ ጠርብ ይኮማተራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሞላ በስንጥቆቹ ያንጠባጥባል። በእርጥበት የተተወ ባዶ በርሜል ደግሞ ይሻግታል፣ ይኮመጥጣል። ጠላ ጠማቂ ጋኗን አጥባ በወይራ እንደምታጥን ሁሉ፣ እነዚያም ባዶውን በርሜል አጥበው በውስጡ የድኝ ክር ያነድዱበት ነበር፤ ዓላማው ግን ጣዕም መስጠት ሳይሆን ተሐዋስያንን መግደል ነው። ይህ ሁሉ ዘወትር የሚከታተል ሰው፣ የጥገና ሥፍራና በርሜል ሠሪ ይጠይቃል።

መስመሩ

ፉርጎው የተወለደበትን መልክዐ ምድር ሳያዩ ባሕርዩን መረዳት አይቻልም። ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለው የላንግዶክ ሜዳ፣ በተለይም የኤሮ፣ የኦድና የጋር አውራጃዎች፣ ከባቡር በፊት ወይን ጠጃቸውን በብዛት ወደ ሩቅ ገበያ ማድረስ አይችሉም ነበር። ቦዩና ባሕሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ጉዞው አዝጋሚ ነበር። ከሞንፔልዬ እስከ «ሴት» ወደብ ያለው አጭር መስመር በ1839 ተከፈተ። (የከተማዋ ስም ከአማርኛው ቃል ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው።) የሚዲ ኩባንያ ከቦርዶ እስከዚሁ ወደብ የዘረጋው መስመር በ1857 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ፓሪስን፣ ሊዮንንና ሜዲትራኒያንን የሚያገናኘው ኩባንያ፣ በአሕጽሮት ፔኤልኤም፣ ተቋቋመ። የሁለቱ ኩባንያዎች መረቦች የሚገናኙት በወደቡ ከተማ ነበር። ከቤዚዬ ሜዳ የሚነሣ ወይን ጠጅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ፓሪስ ለመድረስ በተፎካካሪ ኩባንያ ሐዲድ ላይ ማለፍ ግዴታው ሆነ። በ1888 የተከፈተው፣ ከቤዚዬ ወደ ሰሜን በተራሮቹ መካከል የሚወጣውና በኢፌል ድርጅት የተሠራውን የጋራቢ ድልድይ የሚያቋርጠው መስመር፣ በከፊል የዚህ ፉክክር ውጤት ነው። ለሚዲ ኩባንያ የፔኤልኤምን መስመር ሳይረግጥ ወደ ሰሜን የሚያሻግር መንገድ ሰጥቶታልና።

በዚህ መካከል ፊሎክሴራ መጣ። ከአሜሪካ የገባው ይህ ትንሽ ነፍሳት የወይን ተክልን ሥር እየመጠጠ ያደርቃል፤ በ1868 ፕላንሾንና ባልደረቦቹ የበሽታው ምክንያት እርሱ መሆኑን ለዩ። የጥፋቱን መጠን የአገሪቱ ምርት ይናገራል፤ በ1875 ወደ 84 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር የነበረው በ1889 ወደ 23 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። መድኃኒቱ የፈረንሳይን ወይን በአሜሪካ ግንድ ላይ ማዳቀል ነበር፤ ዳግም ተከላውም ገንዘብ ጠየቀ። ገንዘብ ያወጣ ቶሎ መመለስ ይፈልጋል። ላንግዶክ ኮረብታውን ትቶ ለም ወደሆነው ሜዳ ወረደ፤ አራሞን የተባለውን፣ ብዙ የሚሰጥ ነገር ግን አልኮሉና ቀለሙ የሳሳ ዝርያ በስፋት ተከለ። ጎደሎውን ለመሙላት ከአልጄሪያ የሚመጣው ጠንካራ ወይን ጠጅ በወደቦች እየተራገፈ ከዚህ ጋር ይደባለቅ ጀመር። በ1900 የፈረንሳይ ምርት እንደገና ወደ 67 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ወጣ።

ባለበርሜል ፉርጎ የተስፋፋው በዚህ ዘመን ነው። የሚያጓጉዘው ስም ያለው የቦርዶ ወይም የቡርጎኝ ወይን ጠጅ አልነበረም፤ ያ በራሱ በርሜል፣ በኋላም በጠርሙስ ይጓዝ ነበር። ፉርጎው የተሠራው ብዙ ለሆነው፣ ርካሽ ለሆነውና የፋብሪካ ሠራተኛው በየቀኑ ለሚጠጣው ወይን ጠጅ ነው። መድረሻው ደግሞ በአመዛኙ በፓሪስ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በሴን ወንዝ ዳር ያለው የቤርሲ የወይን ጠጅ መጋዘን ነበር። ቤርሲ እስከ 1860 ድረስ ከከተማዋ የቀረጥ ኬላ ውጪ ስለነበረ ነጋዴዎች ቀረጥ ሳይከፍሉ ያከማቹበት ነበር፤ ወደ ፓሪስ ከተጠቃለለም በኋላ የመጋዘንነት መብቱ ቀጥሏል። ፓሪስ በወይን ጠጅ ላይ የሚጣለውን የመግቢያ ቀረጥ ከ1901 መባቻ ጀምሮ ስታነሣ ርካሹ ወይን ጠጅ ይበልጥ ረከሰ፤ ፍላጎቱም በዚያው ልክ ጨመረ።

ባለቤቱ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። እነዚህን ፉርጎዎች ያሠራቸው ማን ነው? የባቡር ኩባንያዎቹ ሎኮሞቲቭና ሐዲድ ያቀርባሉ፤ ባለበርሜል ፉርጎዎቹ ግን በአብዛኛው የግል ንብረት ነበሩ። ባለቤቶቹ ትላልቅ የወይን ጠጅ ነጋዴዎችና ፉርጎ የሚያከራዩ ድርጅቶች ናቸው። የኩባንያዎቹን ማመንታት መረዳት አያስቸግርም። የተለመደ ክዳን ያለው ፉርጎ ዛሬ ስንዴ፣ ነገ ጨርቃ ጨርቅ ይጭናል። ባለበርሜሉ ከወይን ጠጅ በቀር የሚሸከመው የለም፤ ሰሜኑም ለደቡቡ የሚልከው ወይን ጠጅ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፉርጎ ሙሉውን ወጥቶ ባዶውን ይመለሳል። 44 ባዶ በርሜሎችን የመመለስ ጣጣ ቀረ ሲባል፣ ፉርጎው ራሱ በመንኮራኩር ላይ የቆመ ባዶ በርሜል ሆኖ አረፈው።

ይህን የባዶ ጉዞ ኪሳራ ሊሸከም የሚችለው ፉርጎውን ደጋግሞ በማመላለስ ወጪውን በብዙ ጭነት ላይ የሚያከፋፍል ሰው ብቻ ነው። አንድ የምናብ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ሄክታር ያለውና በሄክታር 60 ሄክቶ ሊትር የሚያመርት ወይን አብቃይ የዓመት ምርቱ 120 ሄክቶ ሊትር ነው። ከቤተሰቡ ጋር ዓመቱን ሙሉ ገርዞ፣ አርሞ፣ መድኃኒት ረጭቶ፣ ለቅሞና ጨምቆ ያገኘው ሁሉ በአንድ ፉርጎ ይጠቃለላል። ለእርሱ ፉርጎው በዓመት አንድ ቀን የሚያስፈልግ ዕቃ ነው፤ ለነጋዴው ግን ሳይቋረጥ የሚሽከረከር የንግድ መሣሪያ ነው። ስለዚህ አብቃዩ ፉርጎ ሊገዛ ቀርቶ፣ ከመከር በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚፈልገው ወቅት ሊከራይ እንኳ የሚደራደርበት አቅም አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ አግባብነትም አለው። ነጋዴው የዕቃው ጌታ የሆነው ከፉርጎው በፊት ነው። በፈረንሳይ የወይን ጠጅ ገበያ ሁለት ዓይነት ዋጋ ነበር፤ ከነበርሜሉ የሚሸጠው «ቫን ሎዤ»፣ ያለ በርሜል የሚሸጠው ደግሞ «ቫን ኑ»፣ ማለትም «ራቁቱን ያለ ወይን ጠጅ» ይባላል። ተራው ወይን ጠጅ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ራቁቱን ነበር፤ ገዢው የራሱን በርሜል ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ፉርጎው አዲስ የኃይል ሚዛን አልፈጠረም ማለት ይቻላል። ይህ ጸሐፊ ተቃውሞውን በከፊል ይቀበለዋል። ነገር ግን መጠን ጠባይን ይለውጣል። በትንሽ በርሜል ዘመን አብቃዩ አሥር በርሜል ተበድሮም ሆነ ገዝቶ፣ በማመላለሻ ጋሪ ጣቢያ አድርሶ፣ ለሚያውቀው ደንበኛ መላክ ይችል ነበር። ጥቂቶች አደረጉት፤ ብዙዎችም ማድረግ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር። አነስተኛው ጭነት አንድ ሙሉ ፉርጎ በሆነበትና የሙሉ ፉርጎ ታሪፍ ከቁርጥራጭ ጭነት ታሪፍ በረከሰበት ዘመን ግን ያ በር ጠበበ። ከዚህም ሌላ በባሪክ ውስጥ የአንድ ሰው ወይን ጠጅ የአንድ ሰው እንደሆነ ይቆያል። በፉርጎው በርሜል ውስጥ ግን የብዙዎች ምርት አንድ ፈሳሽ ይሆናል፤ በበርሜሉ ሆድ ላይ በትልቁ የሚጻፈውም የነጋዴው ስም ነው።

የ1907 ዐመፅ በዚህ ዐውድ ሲታይ አንድ ተጨማሪ ገጽ ይገለጣል። የዋጋው ውድቀት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ ከመጠን በላይ የሆነ ምርት፣ የአልጄሪያ ወይን ጠጅ፣ እንዲሁም በውኃና በስኳር የሚበዛው የማጭበርበሪያ «ወይን ጠጅ»። በመጋቢት ወር ማርሴለን አልበር የተባለ ሰው ከአርዤልዬ መንደር 87 ወይን አብቃዮችን አስከትሎ ወደ ናርቦን አቀና። በየእሑዱ ስብሰባው እያደገ ሄዶ ሰኔ 9 ቀን በሞንፔልዬ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ተሰበሰበ። ያን ሕዝብ ያጓጓዘው ባቡር ነው፤ ኩባንያዎቹም የጉዞ ዋጋ ቀንሰው ነበር። የክሌማንሶ መንግሥት ጦር ላከ፤ በናርቦን ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ወታደሮቹ የዚያው አገር ልጆች የሆኑት 17ኛው እግረኛ ሬጅመንት አድሞ ወደ ቤዚዬ ገሠገሠ። ሰኔ 29 ቀን ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የተቃውሞው ቋንቋ «የተፈጥሮ ወይን ጠጅ» የሚል ነበር። የምርቱ መነሻ በጋራ በርሜል ውስጥ በጠፋበት ንግድ፣ ንጹሑን ያመረተውና ያጭበረበረው በአንድ ዋጋ ሲመዘኑ፣ የንጽሕና ጥያቄ ከኬሚስትሪ አልፎ የማንነት ጥያቄ መሆኑ አያስገርምም። ፉርጎው አጭበርባሪ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ ሕጋዊውን መደባለቅና ሕገ ወጡን መበረዝ ለይቶ የማየት ዓይን የሌለው ዕቃ ነበር።

ሌላው መልስ ከዐመፁ ስድስት ዓመታት ቀድሞ በቤዚዬ አጠገብ ባለች ማሮሳን በተባለች መንደር ተጀምሯል። በ1901 በኤሊ ካታላ መሪነት የተቋቋመው የወይን አብቃዮች ማኅበር የአባላቱን ወይን ጠጅ በጋራ እየሸጠ፣ በ1905 ደግሞ የጋራ ጓዳ ሠራ። ደንበኞቹ የፓሪስ አካባቢ የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ። ዣን ዦሬስ በዚያው ዓመት መንደሪቱን ጎብኝቶ በጋዜጣው ጽፎላታል። የማሮሳን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ሶሻሊዝም ምዕራፍ ነው፤ በትራንስፖርት ታሪክ ዓይን ሲታይ ግን ትርጉሙ ይበልጥ ተጨባጭ ይሆናል። ሁለት ሄክታር ያለው ሰው ብቻውን ፉርጎ አይሞላም፤ መቶ ሰዎች በአንድነት ግን ሳምንት ከሳምንት ይሞላሉ። የጋራ ጓዳው መጠንን ይፈጥራል፤ መጠን ደግሞ ያለ ነጋዴ ፉርጎ የመላክ አቅምን። ከዚያ በኋላ በላንግዶክ የተስፋፉት የኅብረት ሥራ ጓዳዎች ብዙዎቹ በባቡር ጣቢያ አቅራቢያ መሠራታቸውን ስናይ፣ የሥፍራው ምርጫ የግንባታ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ እንገነዘባለን።

ከጦርነቱ እስከ ብረት ታንከር

በ1914 መጸው የደቡቡ ወይን አብቃዮች 200,000 ሄክቶ ሊትር ለጦሩ በስጦታ ሰጡ። ብዙም ሳይቆይ ወይን ጠጅ የወታደሩ መደበኛ ቀለብ ሆነ፤ በመጀመሪያ በቀን ሩብ ሊትር፣ በ1916 ግማሽ ሊትር። ፉርጎዎቹም ለዚሁ አገልግሎት ተሰልፈው ከደቡብ ወደ ግንባሩ የስንቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይመላለሱ ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ገዢ፣ ማለትም መንግሥት፣ መላውን ሥርዓት ከጓዳ እስከ ጉድጓድ ምሽግ አዘዘበት። ወይን ጠጅ ከማይጠጣባቸው የሰሜንና የምዕራብ ገጠሮች የመጡ ወታደሮችም ልማዱን ይዘው ተመለሱ።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከልና ከዚያም በኋላ የእንጨቱን በርሜል የብረት ታንከር ተካው። ለውጡ ቶሎ ያልመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ወይን ጠጅ አሲድ ስለሆነ ከባዶ ብረት ጋር ሲገናኝ ብረቱን ያሟሟል፤ የሟሟውም ብረት ወይን ጠጁን ያደፈርሰዋል። ስለዚህ የታንከሩ ውስጥ ወይን ጠጁን ከብረቱ በሚለይ ሽፋን መለበጥ ነበረበት። እንጨት በሙቀት ረገድም ብልጫ ነበረው፤ ራቁቱን የቆመ ብረት በሐምሌ ፀሐይ እንደሚግለው አይግልም። ዳሩ ግን የተለበጠ ብረት አይኮማተርም፣ አይሻግትም፣ በርሜል ሠሪም አይፈልግም። ባዶ ሆኖ መሰንበትን የሚታገሥ ዕቃ በመሆኑ የመመለሻውን ጉዞ አደጋ አቃለለ፤ ኪሳራውን ግን እንዳለ ተወው። በ1930ዎቹ ከአልጄሪያ ወይን ጠጅ የሚጭኑ ባለታንከር መርከቦች ሲጀመሩ ይኸው አስተሳሰብ ወደ ባሕር ተሻገረ። በመጨረሻ ባቡሩን ከዚህ ሥራ ያስወጡት የመንገድ ታንከር መኪናዎች፣ በአምራቹ ጓዳ በጠርሙስ መታሸግና የፈረንሳዮች የዕለት መጠጥ ልማድ መቀነስ ናቸው።

ፉርጎውን እንደ ሰነድ ማንበብ

ዛሬ ጥቂት ባለበርሜል ፉርጎዎች በፈረንሳይ ሙዚየሞችና በባቡር ወዳጆች ማኅበራት እጅ ይገኛሉ፤ ፎቶግራፎቻቸውና ፖስት ካርዶቻቸው ግን ብዙ ናቸው። ተመራማሪ ከእነዚህ ምን ያገኛል? ከውበታቸው ይልቅ ጽሑፋቸው ይጠቅመዋል። በበርሜሉ ላይ የባለቤቱ ስም፣ አንዳንዴም ሙያውና ከተማው ይጻፋል። በሻሲው ላይ ባዶ ክብደቱ፣ የሚጭነው መጠንና ባዶውን የሚመለስበት ጣቢያ ስም ይገኛል። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በዓለም አቀፍ የፉርጎ ልውውጥ ደንብ መሠረት የግል ንብረት መሆኑን የሚያመለክተው «ፔ» የተሰኘው የላቲን ፊደል ተጨመረ። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚዘነጋው የመመለሻው ጣቢያ ነው። ለዚህ ጸሐፊ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ የባለቤቱ ስም የንግዱን ጌታ ሲነግረን፣ የመመለሻው ጣቢያ የባዶው ጉዞ ወዴት እንደሚያመራ፣ ስለዚህም ድርድሩ የሚካሄደው በማን ደጃፍ እንደሆነ ይነግረናል። ባለቤቱ የቤርሲ ነጋዴ ሆኖ መመለሻው የላንግዶክ ጣቢያ የሆነ ፉርጎ፣ ባለቤቱም መመለሻውም ደቡብ ከሆነ ፉርጎ የተለየ የንግድ ግንኙነት ይመሰክራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የአሻንጉሊት ባቡር ነው። ባለበርሜል ፉርጎ በሞዴል ባቡር ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ በመሆኑ፣ ለማስታወቂያና ለስብስብ ሲባል በእውነተኛ ሐዲድ ላይ ያልታዩ ስሞችና ቀለሞች ተቀብተውለታል። በዚህ መንገድ የተሠራጨ ምስል ወደ ጥናት ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው እድሳት ነው። የታደሰ ፉርጎ ላይ ያለው ጽሑፍ የአንድ ዘመን ምርጫ ነው፤ ፉርጎው በዕድሜው ከአንድ በላይ ባለቤት አይቶ ከሆነ የቀሩት ከቀለሙ ሥር ተቀብረዋል። ከእድሳቱ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ካለ ከታደሰው አካል ይልቅ ሊታመን ይገባል።

በፉርጎው ላይ የማይነበበውን የአብቃዩን ስም ለማግኘት ወደ ሌላ ሰነድ መሄድ ግድ ነው። በፈረንሳይ ወይን ጠጅ ያለ ቀረጥ መሥሪያ ቤት ወረቀት ከቦታው አይነቃነቅም ነበር፤ ቀረጡ ከተከፈለ «ኮንዤ»፣ ክፍያው ለመድረሻው ከተላለፈ ደግሞ «አኪ አ ኮስዮን» የተባለ የይለፍ ወረቀት ከጭነቱ ጋር ይጓዛል። ወረቀቱ ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ መጠኑንና ማጓጓዣውን ይመዘግባል። በላኪው ቦታ የተጻፈው ስም የወይን አብቃይ፣ የኅብረት ሥራ ጓዳ ወይስ ቀደም ሲል ከብዙ ጓዳ የሰበሰበ ነጋዴ? ይህን ከፉርጎው የባለቤት ስምና የመመለሻ ጣቢያ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። የኤሮንና የኦድን አውራጃዎች ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ መጀመሪያ ሊመርጥ የሚገባው ከ1901 በፊትና ከ1907 በኋላ ያሉትን የመከር ወራት ነው፤ በእነዚያ ወራት በተመሳሳይ ጣቢያ የተሞሉ ፉርጎዎች ላኪያቸው ተለውጦ እንደሆነ በስም ሊታይ ይችላልና።